የፍሬን ዘይት የጠፋ ጊዜ

ዛሬ ጠዋት የትንሹን ልጄን የመኪና ቁልፍ ነጥቄ ደረቴ ውስጥ ሸሸግሁት።

አሮጌ የናፍጣ የጭነት መኪና አለችው። የፍሬን ዘይት ታፈሳለች። እሱ ግን የሚያፈሰውን ሳያሠራ፣ ዘይት ብቻ ጨምሮ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ቁልቁል ሊወርድ ነበር።

«እማዬ፣ ሰው እየሳቀብን ነው!»

«ይሳቅ፤ እኔ አልቅሼ አልጨረስኩም።»

ታላቅ ወንድሙም በደርግ ጊዜ በዚሁ ቁልቁለት ነበር የወረደው። ዘይት ከገበያ ስለጠፋ ሾፌሮች የሳሙና ውሃ ይጨምሩ ነበር። መንገድ ላይ ውሃው ፈላ፤ ፍሬኑ አልያዘለትም። አስከሬኑን አመጡልኝ።

ሳሙናውን በጥብጬ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ለትንሹ ነገርኩት። መካኒክ ሊጠራ ሄደ።

 እናንተስ በዚያ ዘመን ቸግሯችሁ ያደረጋችሁት፣ ለማንም ያልነገራችሁት ነገር አለ? ጻፉልኝ እባካችሁ፤ ብቻዬን አልቻልኩትም።