በጋቢ ሥር የነቃው ላፕቶፕ

ደሴ ላይ እንዲህ ይወራል፦ ኮምቦልቻ የተቀበረው ደምመላሽ ከሞተ በኋላም ላፕቶፑን እየቀሰቀሰ ለረውዳ ይጽፍላታል፤ እሷም ተቀብላ ለፈረንጆቹ ታስተላልፋለች፤ ስሙም በዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ገብቷል። ፒያሳ ካፌ ውስጥ አንድ ማኪያቶ ሳያልቅ ወሬው ሦስቴ ይወልዳል። ወሬው ሲነሳ ደምመላሽ የጻፈው አንድ መስመር ነበር፤ ሰኞ ገበያ ሲደርስ ገጽ ሆነ፤ ኩታበር የገባው ግን መቅድም ያለው መጽሐፍ ሆኖ ነው።

ለማመን ያስቸግራል። ደምመላሽ በቁሙ ሳለ እንኳ ለመልእክት መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። እናቱ ወይዘሮ ወለተ ማርያም «ምሳ ቀረበ» ብለው ቢደውሉለት ራት ላይ «እሺ» የሚል ልጅ፣ አፈር ከለበሰ በኋላ ምን አትግቶት ይጽፋል?

ረውዳና ደምመላሽ ኮምቦልቻ አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። እሷ ደሴ ኮምፒውተር ትጠግናለች፤ እሱ እዚያው ኮምቦልቻ በአንድ መጋዘን የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበር። የሁለቱም ሱስ ከርነል ነው፤ ዕቃውንና ፕሮግራሙን የሚያስማማው፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ልብ። ሌላው ወጣት በኳስ ሲጣላ እነሱ በአንዲት ነጠላ ሰረዝ ወር ሙሉ ይኳረፋሉ።

የደምመላሽ ላፕቶፕ ክፉ ዐመል ነበረበት። ክዳኑ ተዘግቶ ከተኛ በኋላ ፈርምዌሩ፣ ማለትም አምራቹ ማሽኑ ውስጥ አብሮ የላከው ትእዛዝ፣ ማንም ሳይነካው «ክዳኑ ተከፈተ» ብሎ ይዋሻል። ከርነሉ የዋህ ነው፤ አምኖ ይነቃል። አምራቹ «ሞዴሉ አርጅቷል፣ አናስተካክልም» ብሎ እጁን ታጠበ። ስለዚህ ደምመላሽ ከርነሉ ላይ መላ ጻፈ፦ ይህን ሞዴል ስታገኝ የሚልህን አትመን፣ ክዳኑን ራስህ አይተህ ንቃ። ከየአገሩ የሚላከውን ለውጥ መርምረው የሚያስገቡት የከርነሉ ጠባቂዎች መላውን ወደዱት። ነገር ግን በስም የሚመሳሰለውን ደህና ሞዴል ሁሉ ስለሚነካ፣ ለዚያ ሞዴል ብቻ አጥብበህ፣ በዚያው ማሽን ሞክረህ ላክ አሉት። ሳያጠብበው ታመመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ረውዳ አጠበበችው። የጸሐፊው ስም ያለበትን፣ ከመላው ጋር ከርነሉ መዝገብ የሚገባውን መስመር አልነካችም፤ «ደምመላሽ» እንዳለ ተቀመጠ። የቀረው ሙከራው ነው፤ ሳይሞከር አይቀበሉም። እንዲያ ያለ ላፕቶፕ ደግሞ ከኮምቦልቻ እስከ ገራዶ ቢታሰስ ሌላ የለም። ድካሙ እንዳይጠፋ፣ ስሙ አንድ ቦታ እንዲቀር፣ ሌላ ምንም አልፈለገችም። ግን ሐዘን ቤት ገብቶ «ላፕቶፑን ስጡኝ» ለማለት የማን አፍ ይደፍራል? አርባው እስኪወጣ ታገሰች።

ላፕቶፑ ግን አልታገሰም። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ከቻርጀሩ ሳይነቅሉ፣ ልጃቸው እንደተወው አልጋው ላይ ጋቢውን አልብሰው አስተኝተውት ነበር። የቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ሰዎች ሊያጽናኑ በተቀመጡበት አንድ ከሰዓት፣ ከጋቢው ሥር ማራገቢያው እፍፍፍ ማለት ጀመረ። አንዱ ለቀስተኛ ጫማውን ጥሎ ሐርቡ ድረስ ሮጠ ይባላል። ወሬውም የተወለደ ያን ዕለት ነው።

ከአርባው ማግስት ረውዳ ያጠበበችውን መላ የጫነችበትን ፍላሽ ይዛ ኮምቦልቻ ወረደች።

«እማማ፣ እንደምን ከረሙ?»

«ተመስገን። ነይ ረውዳዬ፣ እዚህ ከጎኔ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ ሲተነፍስ ሰማሁት። እዚህ፣ ጋቢው ሥር። ጨንቆታል መሰለኝ።»

«እማማ፣ እሱ እኮ ማራገቢያው ነው…»

«ቆይ ልጨርስ። ከሚካኤል ጸበል አመጣሁለት፣ እንዲያርፍልኝ።»

«ረጩበት?»

«መርጨትማ ለባዳ ነው! ለልጄ አፈሰስኩለት እንጂ፤ አንድ ጣሳ ሙሉ።»

ረውዳ ጋቢውን ገለጠች። እርጥብ ነበር። ማብሪያውን ተጫነች፤ ደግማ ተጫነች። ብሎኖቹን ፈታ ስታየው ማዘርቦርዱ ከሰል መስሏል። ከነቻርጀሩ ውሃ የጠጣ ማሽን ሐኪም የለውም፤ ይህን ለደንበኞቿ ስትነግር ኖራለች።

«ከዚያ ወዲህ ጸጥ አለ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ማርያም፣ ፊቷን ፊቷን እያዩ። «አርፏል አይደል?»

ፍላሿን ጨበጠቻት።

«አርፏል፣ እማማ። አብሽሩ።»

መላውን እንዳለ ለጠባቂዎቹ ላከች፤ ማሽኑ መቃጠሉን፣ ባለቤቱም መሞቱን ጻፈች። ማጽናኛቸው ጨዋ ነበር፤ ያልተሞከረ ግን አንቀበልም አሉና ጉዳዩን ዘጉት። እውነታቸውን ነው፤ እሷም ብትሆን አትቀበልም ነበር። ያ ነው የባሰ ያስለቀሳት።

በሳምንቱ ፒያሳ ካፌ ስትገባ፣ የወሬው ጠቅላይ አዋላጅ ደሳለው ጠረጴዛውን ደበደበ።

«ይኸው የነገሩ ባለቤት መጣች! እስቲ ንገሪያቸው ረውዳ፣ ትናንትስ ምን ጻፈልሽ? ስሙ ጃፓን ገባ ስል አያምኑኝም እኮ!»

ካፌው ጆሮ ብቻ ሆነ። ረውዳ አልተቀመጠችም።

«ምንም አልጻፈልኝም። ላፕቶፑ ሲነቃ የነበረው ፈርምዌሩ ስለተበላሸ ነው፤ አሁን እሱም ተቃጥሏል። ለፈረንጅ ያስተላለፍኩት የሱን መልእክት አይደለም፤ የላክሁትንም አልተቀበሉትም። ስሙ ጃፓንም፣ የትም አልገባም። ደምመላሽ ሞቷል፣ ደሳለው።»