እንግሊዝኛ ያልገባው ቡችላ

ሰው ቡችላ ተቀመጠ ብሎ ይቀየማል? ይኸው እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም።

ባለቤቴ የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ይዞ ቡራዩ ወደሠራነው ቤት የገባ ቀን ልጃችን ከደስታዋ ብዛት ምሳዋን ረሳች። ቡችላው ገና በሦስት ወሩ መዳፉ የልጅ ጡጫ ያክላል፤ የፊት እግሩ ጣቶች ነጭ ናቸው። እንዲህ ያለው ትልቅ ዘር በልጅነቱ ካልተገራ፣ ሲያድግ ለሰላምታ ዘሎ ሰው ይጥላል። ማሰልጠኑን እኔ ያዝኩት። ቁራሽ ዳቦ ከአፍንጫው ከፍ አደርግና "ተቀመጥ" እላለሁ፤ ዳቦውን ለማየት ቀና ሲል ወገቡ በራሱ ይወርዳል። ቃሉን አንዴ ብቻ፣ ሳልጮህ። ልጄም አይታኝ እንዲሁ ታደርግ ነበር።

ባለቤቴ በመነጽሩ አሻግሮ እያየ ሳቀብን። የፈረንጅ ዘር በአማርኛ አይሰለጥንም ባይ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት ልጅ ወልጄ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ እሱም እራት ላይ እንግሊዝኛዬን እያረመ እንግዳ ማሳቅ ይወድ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

አንድ እሑድ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ መጡ። ቡችላውን በረንዳው ላይ አቁሞ "ሲት ዳውን" አለው። ቡችላው ጆሮውን ቀጥ አድርጎ አየው። ደገመለት፤ ጮኸበት። ይሄኔ አንዱ ጓደኛው፣

"ተወው ባክህ፣ እንግሊዝኛህ አልገባውም" አለ።

ሳቁ ሳይበርድ ቡችላው ዘሎ የአንዷን እንግዳ ቀሚስ ጫፍ ነከሰ። ካለሁበት ሆኜ "ተቀመጥ" አልኩት። ተቀመጠ። ያው ሰውዬ የቤቱ አስተማሪ ማን እንደሆነች ታወቀ ብሎ ቀለደ። ባለቤቴም ሳቀ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ግን አላናገረኝም።

በሳምንቱ ከሥራ ስመለስ ቡችላው የለም። ልጅቷ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ በሩን ክፍት ትታው ሌባ ወስዶታል አለ ባለቤቴ። መዝጋቷን እያለቀሰች ምላ ተናገረች፤ ውሎ አድሮ ግን መማሏን ተወች። ከዚያ ወዲያ ዘግታ ትሄድና ከመንገድ ተመልሳ በሩን ትገፋዋለች። በዚህ እያረፈደች ትቀጣ ነበር።

ከወራት በኋላ ለቅሶ ለመድረስ ሱሉልታ ሄድኩ። ከሚኒባስ ወርጄ በአንድ የብሎኬት ማምረቻ በኩል ሳልፍ፣ በሰንሰለት የታሰረ ውሻ እየጮኸ ተወረወረብኝ። አድጓል፤ የፊት እግሩን ነጭ ጣቶች ግን አወቅኳቸው። "ተቀመጥ" አልኩት። ተቀመጠ።

ጥበቃው አዛውንት ነበሩ፤ ገርሟቸው ሳቁ። ኦቦ ብዬ ውሻውን ከየት እንዳገኙት ጠየቅኳቸው። መነጽር ያደረገ ሰው ከቡራዩ በመኪና አምጥቶ ለአሠሪያቸው እንደሰጠው ነገሩኝ።

"በእንግሊዝኛ ካላዘዛችሁት አይሰማም ብሎን ነበር" አሉ።

ለቅሶው ቤት ደርሼ አለቀስኩ፤ ለሟቹ የመሰላቸው ዘመዶች አጽናኑኝ።

ትዳር ነው፣ ይዋጣል ብዬ ሰነበትኩ። አንድ ጠዋት ልጄ እንደ ልማዷ ተመልሳ በሩን ስትገፋ ከውስጥ ከፈትኩላት።

"ያን ቀን ዘግተሽው ነበር" አልኳት። "አባትሽ ነው ለሰው የሰጠው።"

ቦርሳዋን እንዳዘለች ቆመች።

"ሳለቅስ እያየኝ ነበር እኮ" አለች።