የሚፈታው ያጣ ቄስ

አባቴ የቤተ እስራኤል ቄስ ነበሩ። ዘመዶቻችን በእግር ወደ ሱዳን ሲነጉዱ የእሳቸው ጉልበት እምቢ ስላለ፣ ከወገራ አንስቼ፣ ነርስ ሆኜ ወደተመደብኩበት ወደ ነገሌ ቦረና አመጣኋቸው። በከተማው ከሁለታችን በቀር የእኛ ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ከደርግ ካድሬዎች ይልቅ የምፈራው እሳቸውን ነበር።

በእኛ ፋሲካ ሰባት ቀን እርሾ የነካው ነገር አይበላም፤ እርጎ እንኳ ክልክል ነው። በጣልያን ጊዜ፣ አባቴ ገና ወጣት ቄስ ሳሉ፣ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ለመንገድ ሥራ ተይዘው ነበር። በዓሉ እዚያው ደረሰባቸው። የሚታደለው ዳቦ ብቻ ነበርና እሳቸው ጦማቸውን አደሩ፤ ወንድማቸውን ረሃብ አሸነፈውና በላ። አገራቸው ሲመለሱ፣ ከጥፋቱ እስኪፈቱት ድረስ ጸሎት ቤት እንዳይገባ፣ ደጅ እንዲቆም ፈረዱበት። ሳይፈቱት ወባ ገደለው።

ይህን ባወሩ ቁጥር "ሕጉ ነው" ብለው ይጨርሱ ነበር። እኔ ግን አንጀቴ ያርር ነበር። ለቁራሽ ዳቦ!

በድርቁ ዓመት፣ በፋሲካችን መካከል፣ ሚስቱን ያዋለድኩለት ቦረና ጎረቤታችን በጮጮ ኢቲቱ ይዞ መጣ። ኢቲቱ የረጋ ወተት፣ እርጎ ነው፤ ቦረና የሚያከብረውን ሰው የሚያስተናግድበት። ከከብቶቹ የተረፈችው አንዲት ላም ብቻ ነበረች።

"አካም፣ ናጋ? አባ፣ እንኩ" አለ። "ልጆቼ አልቀመሱም፤ መጀመሪያ አንቱ።"

ላስረዳው አፌን ስከፍት አባቴ በእጃቸው ከለከሉኝ። ተቀብለው ተጎነጩና መረቁት፤ የቀረውንም ለልጆቹ መለሱለት።

እሱ እንደሄደ ለጸሎት ወደ ግቢው ወጡ። እስከዚያን ቀን የሚጸልዩት ቤት ውስጥ ነበር።

"አባባ፣ ይግቡ እንጂ" አልኳቸው።

"በወንድሜ የፈረድኩትን ለራሴ ልተወው?"

"በቃ፣ እኔ ፈትቼዎታለሁ!" አልኩ እያለቀስኩ።

"አንቺ ቄስ አይደለሽም፣ ልጄ። ቄስ ደግሞ ራሱን አይፈታም።"

የማውቃቸው ቄሶች ሁሉ ድንበር ተሻግረዋል። ዝናቡ ሲመጣም ደጅ ቆመው፣ ጋቢያቸው በስብሶ ይጸልዩ ነበር። እለምናቸዋለሁ፤ እቆጣቸዋለሁ፤ አይሰሙኝም።

ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ ለጸሎት አውጡኝ አሉ። እኔና ጎረቤታችን ደግፈን አወጣናቸው። መቆም አልቻሉም፤ ክንዴን ጨብጠው ሁለታችንንም በየተራ አዩን።

"ወንድሜን ብቻውን ነበር ያቆምኩት" አሉ።

ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።