እንብላ የማይባልበት ምግብ ቤት

የዩኒፎርም ወቅት ነበር። ልብስ ስፌት ቤት የሠራ ሰው መስከረም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ለሌላው አበባ ነው፣ ለእኛ ሰማያዊ ጨርቅ። የጌጃ ሰፈር ወላጅ ሁሉ ልጁን እየጎተተ ይመጣና «ለሚመጣው ዓመትም እንዲሆነው ሰፋ አድርጊው» ይለኛል። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናውን ፔዳል ስረግጥ እውልና ማታ ጋደም ስል እግሬ ብቻውን የሚረግጥ ይመስለኛል። በዚህ ድካም ላይ ነው እንግዲህ የእናቴና የእህቴ ኩርፊያ የተጨመረብኝ።

እህቴ የቤታችን የመጨረሻ ናት። ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ አካውንቲንግ ትማር ነበር። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ መርፌ የያዝኩት እሷ እንድትማር ስለነበር፣ ቤታችን ውስጥ ያ ትምህርት የእሷ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን ተነስታ «ትቼዋለሁ፤ ፊልም ነው የምሠራው» አለች። እናቴ የቀለደች መስሏት ሳቀች። እውነት መሆኑ ሲገባት ግን ሳቋን ዋጥ አደረገችና «እንግዲያው ፊልሙ ያብላሽ» አለቻት። እህቴ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች፤ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራየች። ሁለት ፋሲካ ሳትመጣ አለፈ።

እናቴን የማያውቅ ሰው ይህ ንግግር ተራ ቁጣ ይመስለዋል። እናቴ ቤት እኮ ሰው ሳይበላ አይወጣም። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ልጅ «ኧረ እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ!» እያለ ቆጮ በጎመን ጎርሶ፣ እያላመጠ ነው ወደሚቀጥለው በር የሚሄደው። ቤት ተሳስቶ ያንኳኳ ሰው እንኳ ሳይቀምስ አልተመለሰም። እንዲህ ያለች ሴት ለገዛ ልጇ «ሌላ ያብላሽ» ስትል ምን ማለት እንደሆነ እኛ እናውቃለን። እሷም ታውቃለች። ስለዚህም ነው መመለሻው የጠፋት።

በመሃል እኔ አለሁ። አንዷ በስልክ «እማዬ ጉልበቷ ተሻላት?» ትለኛለች። ሌላዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ለግድግዳው የምታወራ መስላ፣ «ያቺ ልጅ ሹራብ አላት?» ትለኛለች። ሹራቡን አደርሳለሁ፤ ምስጋናውን ይዤ እመለሳለሁ። እናቴ ምስጋናውን ስነግራት «ማን ጠየቀሽ?» ትላለች። እውነቴን ነው፣ ከዩኒፎርሙ ይልቅ ያደከመኝ ይኼ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን እህቴ ደወለች። ድምጿ ከስልኩ አልፎ ሱቁን ሞላው።

«እቴቴ! ፊልሙ ወጣ! ትልቅ ምግብ ቤት ውስጥ ነው የተሠራው፣ ሀብታም ብቻ የሚገባበት። እማዬን ይዘሻት ሂጂልኝ፣ በሞቴ!»

«አንቺ አለሽበት?»

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ!»

«ምን ሆነሽ ነው የምትሠሪው?»

«ሂጂና እዪው። እማዬ ይቺን ካየች ትታረቀኛለች። እኔ እናቴን አውቃታለሁ።»

እናቴ ስነግራት አልተቆጣችም፤ ያው ግድግዳውን አየችው። «ሲኒማ? ልደታ ማርያም ደርሼ መመለስ ያቃተኝ ሴትዮ?»

«እማዬ፣» አልኳት፣ መቀሱን እንኳ ከእጄ ሳላስቀምጥ፣ «ደክሞኛል። ወይ ቅዳሜ አብረሽኝ ትሄጃለሽ፣ ወይ ከዛሬ ጀምሮ የእሷንም ያንቺንም ወሬ አልሸከምም። ሹራብም አላደርስም።»

ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለንግሥ የምትሄድ መስላ ወጣች። መንገዱ ለባቡሩ ተቆፍሮ፣ የክረምቱ ጭቃ ገና አልደረቀም፤ ክንዴን ይዛ በጣውላው ላይ ስንሻገር «ይቺ ልጅ እንዲህ ያለውን መንገድ በማታ ነው የምትመላለሰው?» አለችኝ። 

ሲኒማ ቤቱ ውስጥ በየወንበሩ ያለውን ሰው «እንደምን ዋላችሁ» እያለች አለፈች። መብራቱ ጠፋ። ፊልሙ ተጀመረ።

ምን ልበላችሁ። እኔ ፊልም እወዳለሁ፤ መጥፎውንም ጭምር። ይኼኛውን ግን ልወደው ብሞክር እምቢ አለኝ። ሙሉው ታሪክ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ እንደ ቆብ የታጠፈ ናፕኪን፣ ሎሚ የተደረገበት ሙሉ ዓሣ፣ በረጅም ብርጭቆ ቀይ ወይን፤ ወይኑ የከርከዴ ሻይ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። አንድ ባለሀብትና እጮኛው ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ እንደገና ይጣላሉ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ይመጣና ንግግር ያደርጋል። ከዚያ ሙዚቃ። ከዚያ እጮኛው ታለቅሳለች። ድምፃቸው ከከንፈራቸው ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ሴትየዋ አፏን ዘግታ ከጨረሰች በኋላ «አፈቅርሃለሁ» ይሰማል።

እህቴስ? እውነቷን ነው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለችበት። ከኋላ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ! ባለሀብቱ በቀኝ ትከሻው ሲዞር ትታያለች፣ በግራ ሲዞር ትሸፈናለች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሹካ ይዛ፣ ከፊቷ ዓሣ ተቀምጦ፣ አጠገቧ ካለው ልጅ ጋር አፏን ታንቀሳቅሳለች። ፊቴ በጨለማው ውስጥ ተቃጠለ። ለዚህ ነው ትምህርቷን የተወችው? እናቴን ለዚህ ነው በጭቃ ያመጣኋት?

በመሃል የባለሀብቱ ወንድም ገብቶ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። ባለሀብቱ ሹካውን እንደያዘ ያናግረዋል።

«እንብላ አይለውም?» አለች እናቴ፣ በቤቷ ድምፅ።

ከኋላችን ያሉ ልጆች ሳቁ። «እማማ፣ ቀስ ይበሉ፣ ፊልም እኮ ነው!»

«ቢሆንስ? ቆሞ እያየው?»

«እማማ፣ እርስዎን ቢጠሩዎት ይሄዳሉ?»

«አልሄድም!» አለች፣ ዞር ሳትል። «መጠራቱ ነው እንጂ።»

አዳራሹን የእሷን ቃል ያህል ያሳቀው ነገር ፊልሙ ውስጥ አልነበረም።  እናቴን ሳያት ባለሀብቱንም እጮኛውንም አታይም፤ ዓይኗ የኋላው ጠረጴዛ ላይ ነው። እህቴ በተሸፈነች ቁጥር በትከሻው አልፋ የምታያት ይመስል አንገቷን ታሰግጋለች።

ስንወጣ የእህቴን ነገር በምን ቋንቋ እንደማቃልለው እያሰብኩ ነበር። ጣውላው ጋ ስንደርስ እናቴ ቆመች።

«ሳህኑን አየሽው?»

«የቱን?»

«የእሷን። እንደቀረበ ነው የተነሳው።»

«እማዬ፣ ፊልም ነው። እውነት አይበሉም።»

«እሱን ነው የምልሽ። ጆሮዋን ስትነካ አላየሽም?»

አይቻለሁ። እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ሲርባት የጆሮዋን ጫፍ ታሻለች፤ «ራበኝ» ብላ አታውቅም። እንደዚያ ተውባና ተቀብታ ሳያት ትወና መስሎኝ ነበር።

«ፊልሙ ያብላሽ አልኳት» አለች እናቴ። «አላበላትም።»

መኪና ጭቃ እየረጨ አለፈ። የነጠላዋን ጫፍ ጨመቀችው።

«ነገ እሑድ ነው አይደል? ቆጮ አለ በያት።»

«አንቺ ደውይላታ።»

«አልደውልም። ቆጮ አለ፣ አይብም አለ በያት።»

ደወልኩ፣ ምን ላድርግ። የመጨረሻዬ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

እሑድ እህቴ መጣች። ከበሩ ውጭ ጫማዋን ስታወልቅና መልሳ ስታጠልቅ ሰማኋት። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ግቢ፣ ይቀዘቅዛል» አለች። በቃ። መተቃቀፍም ለቅሶም የለም። ሳህኑ ፊቷ ተቀመጠ፤ እህቴ ግን እጇን ታጥባ እንደተቀመጠች እናቴን ታያታለች።

«ፊልሙን ወደድሽው እማዬ?»

«አልወደድኩትም። ብዪ።»

የእህቴ ፊት ሲወርድ አየሁ። ሁለት ፋሲካ የጠበቀችው ሌላ መልስ ነበር።

«ምኑን ጠላሽው?»

«ምግብ ቤት ብለው ማንም ማንንም እንብላ የማይልበት። ያን ዓሣ ለምን አልበላሽውም?»

እህቴ ሳታስበው ሳቀች። «ከጠዋት ጀምሮ መብራት ሥር የዋለ እኮ ነው! ዘይት ቀብተውታል እንዲያብረቀርቅ። ሸትቷል። ዳይሬክተሩ ደግሞ ‹እንዳትነኩት፣ ነገም እንቀርጸዋለን› ይለናል።»

«ለእናንተስ?»

«ዳቦ በሙዝ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አየሽ?» አለችኝ፣ ዳይሬክተሩ እኔ የሆንኩ ይመስል። ከዚያ በአይብና በጎመን የጠቀለለችውን ጉርሻ አነሳች፤ እህቴ አፏን ከፈተች። ስታላምጥ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ጎመኑ ሚጥሚጣ አለበት ብላ አሳበበች። የለበትም።

ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ በፍርሃት፣ «ሌላ ፊልም አግኝቻለሁ። በዚህኛው እናገራለሁ» አለች።

«የምን ነው?»

«እስር ቤት ውስጥ ነው።»

 እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሌላ ሁለት ፋሲካ ታየኝ።

እናቴ አሰበችበት። «እሱ ይሻላል» አለች። «እስር ቤት እንኳ ስንቅ ይገባል። የት እንደምትቀረጹ ንገሪኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውስም፤ ሶፋው ላይ ደገፍ እንዳልኩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። በሕልሜም በውኔም መሃል ድምፃቸው ይሰማኛል፦ «ይኼን ጨምሪ»፣ «በቃኝ እማዬ»፣ «በሞቴ»፣ «ኧረ ልፈነዳ ነው!» ስሜን የጠራ አልነበረም። በያት፣ ውሰጂላት፣ ንገሪያት ያለኝ የለም።

ስነቃ ሳህኑ ባዶ ነበር፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በእህቴ ስልክ ፎቶ ያያሉ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢውን ሳታበላ የማትሰድ እናቴ፣ እኔን እንብላ ማለት ረስታለች። ጋቢ ብቻ ጣል አድርገውብኛል።

ጋቢውን ወደ ላይ ሳብኩና ተመልሼ ተኛሁ።