ኮምቦልቻ የፈረምኩት፣ ደሴ ያፈረስኩት ውል

ማክሰኞ፣ ከአዲስ አበባ መነሻ

ከቤት ወጥቼ አውቶቡስ የተሳፈርኩት ገና ሳይነጋ ነው። ሥራዬ የማቀዝቀዣና የማሞቂያ መሣሪያ መትከል ነው። የዚህ ጉዞ ምክንያት ግን መሣሪያ ሳይሆን ወረቀት ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ ማር አጣርተው የሚያሽጉ ወይዘሮ የሺ የሚባሉ ሴት፣ «ክፍሉን ከማሳየትህ በፊት... ይቅርታ፣ ከማሳይህ በፊት የምስጢር መጠበቂያ ውል ትፈርማለህ» ብለው በስልክ አስታውቀውኛል። ገና ሳያዩኝ አፋቸው የተደናቀፈው እሳቸውም ነገሩ ከብዷቸው መሆን አለበት።

እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነበር። ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ ከኮምፕረሰሩ ሌላ አያይም። «ሌባ መሰልኳቸው እንዴ?» እያልኩ ሚስቴን ስነዘንዛት «ፈርም ባክህ፣ አንተ ደግሞ ሆድህ ወሬ አይችልም» ብላ ሳቀችብኝ።

ደብረ ብርሃን ላይ ትኩስ ፍርፍር በላን። ጣርማ በርን በጉም ውስጥ አልፈን ሸዋሮቢት ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ፤ የመኪናው መስኮት ሁሉ ተከፈተ። ከከሚሴ በፊት አንድ ፍተሻ ላይ ወረድን። ፈታሹ የዕቃ ሳጥኔን ከፍቶ የጋዝ መለኪያውን አነሳና «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። የፍሪጅ ጋዝ መለኪያ መሆኑን ስነግረው ፊቱ ተፈታ።

«የእናቴ ፍሪጅ ይጮሃል እንጂ አያቀዘቅዝም። ምን ሆኖ ነው?»

«ጀርባው አቧራ ይዞ ይሆናል። ነቅለው ይጥረጉት፤ እንቢ ካለ ጋዙ አልቋል።»

ሳጥኔን ራሱ ዘግቶ አሳለፈኝ። ከሚሴ ላይ የፍየል ጥብስ በልተን፣ በሐርቡ በኩል አድርገን ኮምቦልቻ የገባነው ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ነው።

ረቡዕ፣ ኮምቦልቻ

ወይዘሮ የሺ አምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ሦስት ገጽ ውል ከእስክሪብቶ ጋር አቀረቡልኝ። አንድም ሳይገባኝ እንዳልፈርም እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብለው አነበቡልኝ። በሥራው ምክንያት ያወቅሁትን ለማንም አልናገርም፣ አልጽፍም፣ ፎቶ አላነሳም ይላል። ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ ነው የክፍሉን ቁልፍ ያወጡት።

የሳቸው ማር አይፈስም፤ ዳቦ ላይ እንደ ቅቤ ይቀባል። ምስጢሩ የክፍሉ ሙቀትና ማሩ እዚያ የሚቆይበት ሰዓት ነው። የኮምቦልቻ ሙቀት ማሩን ያቀልጥባቸዋል፤ አሮጌው ማቀዝቀዣቸው ደግሞ በየሳምንቱ ይቆማል። ሁለቱን ቁጥሮች ነገሩኝ፤ ሳላውቃቸው መሣሪያ መምረጥ አልችልምና። እዚህ ግን አልጽፋቸውም።

«አምስት ዓመት ደክሜበታለሁ» አሉኝ። «የተበላሸውን ማር ጠጅ ጥለንበት፣ ለጎረቤት አድለነው አላልቅ ብሎናል። ማር የሚሸጥ ሞልቷል፤ የኔን የሚለየው ይሄ ብቻ ነው። ይሄ ከወጣ እነዚህን ሴቶች አሰናብቼ ቤቴ እቀመጣለሁ።»

ሰባት ሴቶች ነጭ ጋዋን ለብሰው ብልቃጥ ይሞላሉ። ቅሬታዬ እዚያው ጠፋ።

ሐሙስ፣ ደሴ

በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ። መንገዱ ተራራውን እየዞረ ሲወጣ ብርዱ እየበረታ መጣ፤ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። የሄድኩት ሐጂ እንድሪስ ዘንድ ነው። ከዚህ በፊት የሱቃቸውን ፍሪጅ ጠግኜላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ማር ይሸጣሉ።

«የደሴ ብርድ ማሬን ድንጋይ አደረገብኝ። ደንበኛ ብልቃጡን በማንኪያ ሲታገል ሳይ አፍራለሁ» አሉኝ። ማሞቂያ ያለው ክፍል ፈልገዋል። ከኮምቦልቻ መምጣቴን ሰምተው ኖሮ ቀጥለው «ያች የኮምቦልቻዋ ሴት ግን ማሯን እንዴት ነው እንዲህ የምታለሰልሰው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሐጂ፣ እሱን እንዳልናገር ፈርሜያለሁ።»

«እንግዲያስ አልጠየቅኩህም» ብለው ወሬ ቀየሩ።

ክፍላቸውን ለክቼ እዚያው አጠገብ ማደሪያ ያዝኩና ፕሮፎርማ ልሠራላቸው ላፕቶፔን ከፈትኩ። በኛ ሥራ ፕሮፎርማ ከባዶ የሚጽፍ ሰው አላውቅም። የቀደመውን ደንበኛ እንከፍታለን፣ ስሙን እንቀይራለን፣ ልኬቱን እናስተካክላለን። እኔም ማታ የጀመርኩትን የወይዘሮ የሺን ከፍቼ እንደዚያው አደረግኩ። አራት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጠራ።

«ልጄ፣ ከላይ ያለው ስም የኔ ነው። ታች ያለው ዲግሪና ሰዓት ግን የኔ አይመስለኝም። እኔ እንዲህ አድርግልኝ አላልኩህም።»

ከፍቼ ሳይ ሁለቱም ቁጥሮች እንደተቀመጡ ናቸው። ወደ ሱቃቸው እየሮጥኩ በልቤ የመጣውን አልደብቅም፤ ሐጂ ቢያጠፉልኝና ሁለታችንም ዝም ብንል ማን ያውቃል ብዬ ነበር። ይህንኑ ለማለት አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«አይቼዋለሁ። አላየሁም ብዬ አልዋሽህም። ካየሁት ወዲያ ደግሞ ከጭንቅላቴ ማጥፊያ የለኝም። ተነስ፣ እንውረድ።»

«ወዴት?»

«ኮምቦልቻ ነዋ። ያሳየኸው አንተ፣ ያየሁት እኔ። ሁለታችንም እንነግራታለን። አብሽር፣ አብሬህ ነኝ።»

ሱቃቸውን በጠራራ ፀሐይ ዘግተው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ሚኒባሱ ሲወርድ እሳቸው ተሳፋሪውን ሁሉ ሰላም ይሉ ነበር።

ከሰዓት፣ ኮምቦልቻ

ወይዘሮ የሺ ቆመው ሰሙን። የሆነውን እኔ ተናገርኩ። ሐጂ ስልካቸውን አውጥተው የላክሁላቸውን ፕሮፎርማ ወይዘሮ የሺ እያዩ አጠፉት።

«ልጄ፣ ልማልልሽ» አሏቸው። «ወላሂ በዚህ ቁጥር አልሠራም፣ ለሰውም አልናገርም። የኔ ማር ፈሳሽ ሆኖ ይሸጣል፤ ማሞቂያውም ለዚያው ያህል ይበቃኛል። ይሄን ልጅ አፉ በይው።»

ወይዘሮ የሺ ወደኔ ዞሩ። «መቼ ነው የላክኸው?»

«ዛሬ አራት ሰዓት ላይ።»

የግድግዳውን ሰዓት አዩ፤ ስምንት ሊሆን ነው። ገብተው ውሉን ይዘው ተመለሱ። ይቀድዱታል ብዬ ጠበቅኩ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ከፊርማዬ በታች በእስክሪብቶ ጻፉና አዞሩልኝ። «ተቋራጩ ቢሳሳት በዚያው ቀን ራሱ መጥቶ ይናገራል» ይላል።

«ይሄን ማስገባት ረስቼ ነበር» አሉ። «ፈርም።»

ዓይኔ እንባ አቅርሮ የፊርማዬን ቦታ በደንብ አላየሁትም። ሐጂም እስክሪብቶውን ጠየቁ። ወይዘሮ የሺ «የማሉልኝ ይበቃኛል» ቢሏቸው አልተዉም።

«መሐላው እኔን ይይዘኛል። ሱቁ ነገ የልጆቼ ነው፤ እነሱን ፊርማ ይያዛቸው» ብለው ስማቸውን በአረብኛም በአማርኛም ጻፉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ለቤቱ ዱዓ አደረጉ። ወይዘሮ የሺና ሰባቱ ሴቶች አሜን አሉ።

ዓርብ፣ አዲስ አበባ

የመልሱን መንገድ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም፤ ሁለቱን ሰዎች እያሰብኩ ነበር። አንዷ አምስት ዓመት የደከሙበትን ነገር ለተሳሳተ ሰው መልሰው አመኑት። ሌላው በእጃቸው የገባን ሲሳይ ለባለቤቱ ሊመልሱ ሱቅ ዘግተው ተራራ ወረዱ። አንዳቸውም አልጮኹብኝም። እግዜር ይስጥልኝ ማለት አነሰኝ።

ቤት ገብቼ እራት እንደበላሁ ላፕቶፔን ከፍቼ የድሮ ፕሮፎርማዎቼን አንድ በአንድ አየሁ። ለአንድ ሆቴል የላክሁት ላይ የአንድ መድኃኒት ማከማቻ የበር መክፈቻ ቁጥርና የጥበቃ ሰዓት ተቀምጧል። ለአንድ ሥጋ ቤት የላክሁት ላይ የተፎካካሪው የማከማቻ ልክ አለ። ሌሎችም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች አላስፈረሙኝም፤ አምነውኝ በር ከፈቱልኝ እንጂ።

ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያውን ስልክ ለመድኃኒት ማከማቻው ባለቤት ደወልኩ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ማቀዝቀዣ የተከልኩልዎት ነኝ» አልኩ። «እርስዎ የማያውቁት፣ እኔም እስከ ትናንት ያላወቅሁት አንድ ጥፋት አለብኝ።»