የወንዙ መንፈሶች እንግሊዝኛ ያውቃሉ ወይ?

እትዬ ሉዋ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው እንግሊዝኛ ሲጀምሩ በወንዝ ዳር ከተማችን በሳ ዴክ ያልሳቀባቸው ሰው የለም። እኔን ጨምሮ። ሴትየዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ሥራ ቢኖር አበባ ማብቀል ነው፤ ውሃ ውስጥ በተተከለ ቆጥ ላይ የተደረደሩትን ቅርጫቶች በታንኳ እየዞሩ ማጠጣት፣ ለዘመን መለወጫ ማስረከብ፣ ከዚያ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር። አራተኛ ክፍልን እንኳ አልጨረሱም። ታዲያ እንግሊዝኛን ምን አመጣው?

ያመጣውማ ልጃቸው ታም ነው። አውስትራሊያ ሄዶ ጆዲ የምትባል የዚያን አገር ሰው አገባ፣ ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱን በሰባት ወሯ ሊያመጧት ነው። እትዬ ሉዋ የልጅ ልጃቸውን ያዩት በስልክ ብቻ ነው፤ ከጆዲ ጋርም ታም መሃል ገብቶ ካልተረጎመ በቀር አንድ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

«ምራቴን በራሴ አፍ ነው የምቀበላት» አሉ። «በሰው አፍ ከተቀበልኳት እንግዳ ሆና መጥታ እንግዳ ሆና ትሄዳለች። ሁለተኛ አትመጣም፣ ልጅቱንም አላያትም።»

ጭንቃቸው ይኸው ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ መምህር ሎክ ያስተምራሉ። እሳቸው ድሮ የሩሲያኛ መምህር ነበሩ፤ ሩሲያኛ የሚማር ሲጠፋ ከዛሬ ጀምሮ እንግሊዝኛ አስተምር ተባሉ፣ አስተማሩ። እንዴት እንዳስተማሩ አይጠየቅም።

እትዬ ሉዋን ያስቸገራቸው ቃሉ አይደለም፤ ቃሉንስ አበባ እያጠጡ ይሸመድዱታል። ግራ ያጋባቸው የሰዎቹ ነገር ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ «ደስ የሚል ቀን ነው» ይላል፣ ሌላው «አዎ፣ ደስ ይላል» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

«ሁለቱም ውጭ ናቸው አይደል?» ብለው ጠየቁ እትዬ ሉዋ።

«ናቸው።»

«ታዲያ ፀሐይዋ ለአንዱ ብቻ ናት እንዴ የወጣችው? በልተሃል ወይ፣ ወዴት እየሄድክ ነው፣ አይለውም?»

«ወዴት እየሄድክ ነው አይባልም፣ እትዬ ሉዋ። ምን አገባዎት ይላሉ። በልተሃል ወይ ካሉ ደግሞ ሊጋብዙት መስሎት ይከተልዎታል።»

«ይከተለኛ። ይብላ።»

መምህር ሎክ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ገጽ ገለበጡ። እዚያ ደግሞ ባል ሚስቱን ውሃ ስላቀበለችው ያመሰግናታል። «ተጣልተዋል እንዴ?» አሉ እትዬ ሉዋ። የእውነት አዝነው ነበር።

ነገሩ የከፋው ስለ እንግዳ አቀባበል ሲማሩ ነው። መጽሐፉ፣ እናት ልጇን ይዛ ስትመጣ «እንዴት ያለች ቆንጆ ሕፃን ናት» በሏት ይላል። እኛ ዘንድ ሕፃን አይወደስም። አስቀያሚ ነው፣ አፍንጫው ድፍጥጥ ያለ ነው፣ እንቁራሪት ይመስላል ይባላል፤ ሰምቶ የሚወስድ መንፈስ አለና። እትዬ ሉዋ ከታም በፊት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። አንድ አበባ ገዢ ታንኳው ላይ ቆሞ ምን የመሰለች ቆንጆ ናት አለ፤ በስምንተኛው ቀን ቀበሯት። ሐኪሙ ትኩሳት ነው አለ። ይበል።

«አስቀያሚ የሚለውን አስተምሩኝ» አሉ።

«ቃሉ አለ። ግን ያንን ካሏት ጆዲ ሻንጣዋን ሳትፈታ ትመለሳለች። ልጇን ካላደነቁላት ጠልተውኛል ነው የምትለው።»

እንግዲህ ይምረጡ። ምራቲቱን ደስ ያሰኙና ልጅቱን ለመንፈስ ይስጡ፣ ወይ ልጅቱን ይጠብቁና ምራቲቱን ይጡ። ሳምንቱን ሙሉ አበባውን ሁለት ሁለት ጊዜ እያጠጡ ሰነበቱ፣ ግማሹ በሰበሰ። በመጨረሻ ጎረቤታቸውን እትዬ ቤይን አማከሩ።

«በእንግሊዝኛ ብላትስ? የዚህ ወንዝ መንፈሶች እንግሊዝኛን የት ያውቁታል?»

እትዬ ቤይ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። «አሜሪካኖቹ በጦርነቱ ጊዜ እዚህ ስንት ዓመት ከረሙ? እኔ እንኳ በሰባት ዓመቴ ከረሜላ ስጡኝ ማለት ለምጄ ነበር። መንፈስ ከእኔ ያንሳል?»

«እንደዚያ ከሆነ ፈረንሳይኛም ያውቃሉዋ።»

«እሱንማ አቀላጥፈው ነው።»

እትዬ ሉዋ ከመጡትም የባሰ ግራ ገብቷቸው ተመለሱ።

እንግዶቹ የመጡ ቀን ዝናቡ ይወርድ ነበር። ታም ሻንጣዎቹን አስገብቶ ዳይፐር ሊገዛ ወደ ገበያ ሄደ፤ ሁለቱ ሴቶች ከነልጅቱ ብቻቸውን ቀሩ። እትዬ ሉዋ በእንግሊዝኛ እንኳን ደህና መጣሽ አሉ፣ ተቀመጪ አሉ፣ ደስ የሚል ቀን ነው አሉ። ጆዲ ዝናቡን አየት አድርጋ ሳቀች። «አዎ፣ ደስ ይላል» አለች። ከዚያ ወሬው አለቀ።

ጆዲ ልጅቱን ብድግ አድርጋ ፊቷን ወደ አያቷ አዞረችና ጠበቀች። ልጅቱ እንዴት ያለች እንደነበረች እኔም ለመናገር እፈራለሁ። እትዬ ሉዋ በእጃቸው አፋቸውን ከለል አድርገው፣ በሹክሹክታ፣ «ቢዩቲፉል ቤቢ» አሉ።

የጆዲ ፊት በራ። ልጅቱን አምጥታ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። ከብዳ፣ ሞቃ፣ ጣታቸውን ስትይዝ ፍርሃቱ መጣ። ጎንበስ ብለው በእኛው ቋንቋ «አስቀያሚ» አሏት ጆሮዋ ውስጥ። «አስቀያሚ ነሽ። እንቁራሪት ነሽ። ማንም አይፈልግሽም፣ ማንም አይወስድሽም።» እንባቸው ልጅቱ ፀጉር ላይ ወረደ።

ጆዲ በዚያው በእኛ ቋንቋ፣ በተሰባበረ አነጋገር፣ «አስቀያሚ?» አለች።

ቃሉን ታውቀዋለች። በቃ፣ አለቀ። እትዬ ሉዋ ለማስረዳት የተማሩትን ሁሉ ቢበረብሩ ደስ የሚል ቀንና አመሰግናለሁ ብቻ ተገኘ። ጆዲ ግን ልጅቱን አልነጠቀችም። መጥታ ሰሌኑ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠችና ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ «ታም። ኤቭሪ ዴይ። ሴም» አለች። ጎንበስ ብላ ታም በየቀኑ እንዴት ልጅቱ ጆሮ ውስጥ እንደሚያንሾካሹክ አሳየቻቸው። ከዚያም ትከሻዋን ከፍ አድርጋ «ዋይ?»፣ ለምን፣ ስትል ጠየቀች።

እትዬ ሉዋ በሕይወታቸው ሙሉ በሙሉ የገባቸው የመጀመሪያው እንግሊዝኛ ይኼ ነው። ያ ልጅ፣ ስለ እህቱ አንድ ቀን አንስቶ የማያውቅ፣ በወሬ የሰማውን ረስቶታል ያሉት፣ በዚያ ሩቅ አገር ለሚስቱ እንኳ ሳይናገር በየቀኑ ልጁን ሲጠብቅ ኖሯል። ለዚህ የሚሆን እንግሊዝኛ መምህር ሎክ አላስተማሩም። የቤተሰብ ስሞችን ግን አስተምረዋል፣ መሰናበቻውንም።

«ታም፣ ሲስተር» አሉ እትዬ ሉዋ። መዳፋቸውን አንድ ክንድ በማይሞላ ቁመት ዘርግተው አሳዩ። «ቤቢ። ጉድባይ።»

ጆዲ የአያቲቱን ትከሻ አቅፋ ወደ ልጇ ጎንበስ አለችና፣ በዚያ በተሰባበረ አነጋገሯ፣ «አስቀያሚ» አለቻት።