አደጋው ማን ነው?

በነጻ በሚባል ነገር አላምንም። ስለዚህ በአሥራ ሰባት ዓመቴ አንዲት ሴትዮ ደውላ አልጋ፣ ምግብ፣ ዩኒፎርም፣ ትምህርት፣ ሁሉም በነጻ ስትለኝ፣ መጀመሪያ የጠየቅኋት ስሜን ማን እንደሰጣት ነው። አልነገረችኝም። ዝርዝር አለን አለች።

ትምህርት የተውኩት አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ነው። ማንም አላባረረኝም፤ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተኝ። እዚህ እስራኤል፣ የከተማችን አዲሱ ሰፈር ካርሜ ጋት፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ዕቃ እደረድር ነበር። ከአዳዲሶቹ ፎቆች የሚወርዱት እኩዮቼ የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን አንግተው ሲገቡ፣ መደርደሪያው ሥር ቁጢጥ ብዬ አያቸዋለሁ። ባግሩቱን፣ የአሥራ ሁለተኛውን ፈተና፣ ምን ያህል እንደምፈልገው ለማንም አልተናገርኩም። ሴትዮዋ የምትለው ቦታ ደግሞ ያንን ያስጨርሳል፤ ዓመት ሙሉ እያሳደረ፣ እንደ ወታደር እያሰለፈ፣ ጎህ ሳይቀድ እያስሮጠ፣ ስልክ እየቀማ። ግን አሥራ ስምንት ስላልሞላኝ እናቴ መፈረም ነበረባት።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ሴትዮዋ ቤታችን መጣች። ብቻዋን አልነበረችም፤ ሜጋሼሩን ይዛለች። ሜጋሼር ማለት በመሥሪያ ቤቱና በእኛ ሰው መካከል ቆሞ የሚተረጉም፣ የሚያስታርቅ ሰው ነው። የእኛው ቂርያት ጋት ውስጥ ያልገቡበት ጠብ የሌለ ሽማግሌ ናቸው። እናቴ ከፋብሪካ ገና መመለሷ ነበር፤ የሥራ ካርዷን ከአንገቷ ሳታወልቅ ተነሥታ አስቀመጠቻቸው።

ሴትዮዋ ፕሮግራሙ ለ«ኖዓር በሲኩን» ነው አለች። በዕብራይስጥ አደጋ ያንዣበበባቸው ወጣቶች ማለት ነው። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ለእናቴ፣

«አደገኛ ለሆኑ ልጆች የተዘጋጀ ቦታ ነው» አሉ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ወደ እሳቸው።

«ጋሼ፣ የእኔ ልጅ ማንን ወጋች?»

ሴትዮዋ ምን አለች ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው ፈገግ ብለው በዕብራይስጥ፣ እናትየው ደስ ብሏታል፣ ትንሽ ልታስብበት ነው አሉ።

ሁለቱንም የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብል እናቴ አትፈርምም፤ ባግሩቱም ይቀራል። ብናገር ሽማግሌን ፊት ለፊት ማረም ነው፤ ያ በእኛ ቤት ከስድብ ይቆጠራል። ደግሞ ጠረጠርኩ። ተሳስተው ነው ወይስ እውነትም እንደዚያ ያስባሉ? አውቶቡስ ጣቢያው ጋ ከልጆች ጋር ስጯጯህ አይተውኛል። ስሜን የሰጡት እሳቸው ቢሆኑስ?

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «አደገኛ አላለችም። አደጋ ላይ ያሉ ነው ያለችው።»

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ ሳቁ። «ምን ልዩነት አለው ልጄ? ያው አደጋ ነው።»

ለእናቴ ግን ልዩነት ነበረው።

«አደጋ ላይ ከሆነችስ አደጋው ማን ነው? እኔ ነኝ? ጠይቂልኝ።»

ጠየቅኩላት። ሴትዮዋ ወረቀቷን አገላበጠች። ማንም አይደለም፣ የበጀት ቃል ነው አለች፤ እሱ ካልተጻፈ ለአልጋው የሚከፍል የለም። ይህንንም ሳላለሰልስ ለእናቴ ነገርኳት።

«ለአልጋ ብላችሁ ልጄን ስም አወጣችሁላት» አለች።

ይህን ወደ ዕብራይስጥ እንዴት እንደምመልሰው አጣሁ። ሽማግሌውም አልሞከሩም።

እናቴ እስክሪብቶ ጠየቀች። ቃሉ በቅጹ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነበር። ዕብራይስጥ ስለማታነብ የትኛው እንደሆነ በጣቴ አሳየኋት። አላመነችኝም። ወረቀቱን ወደ ሽማግሌው ገፍታ፣ እርስዎም ያሳዩኝ አለች። መነጽራቸውን አድርገው ፈለጉና እኔ ያሳየሁት ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። እሷም ቃሉን ሁለት ጊዜ ሰረዘችው። ከዚያ ገልጣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስሟን በአማርኛ ጻፈች። ሴትዮዋ ሁለቱንም ገጽ ለሁለት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ወር ሳይሞላ ገባሁ። የመጀመሪያ ቀን አዛዧ ፋይሌን ስትከፍት አንገቴን አስግጌ አየሁ። የእናቴ ስም ያለበት ገጽ መሀሉ ላይ የመታጠፍ መስመር አለው። ከላዩ ያለው የመጀመሪያው ገጽ ግን ገና ከማተሚያ የወጣ ይመስላል። ቃሉም ንጹሕ ሆኖ ቦታው ተቀምጧል።

ዓርብ ስልካችን ሲመለስልን እናቴ ደወለች፤ በልተሻል ወይ እንኳ አላለችም። ቃሉ እንደተሰረዘ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«አይደለም። ወረቀቱን ለውጠውታል።»

ከኋላዋ የጎረቤታችን ቴሌቪዥን ይሰማኛል።

«ሰንበት ሳይገባ ነይ» አለች።

«አልመጣም።»

«ከሚዋሹ ሰዎች ጋር ምን ትሠሪያለሽ?»

«እማራለሁ። ደግሞ አያቸዋለሁ።»

እንግዲያው ከአሁን ወዲያ የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ ገጽ በገጽ ነው የምፈርመው አለች። እውነትም ለጉዞ፣ ለክትባት፣ ለበዓል ፈቃድ በመጣው ሁሉ፣ በየገጹ፣ ባዶ በሆነው ጀርባም ሳይቀር ስሟን ጻፈችበት። አንዷ አስተማሪ እናትሽ ምን ሆና ነው ብላኛለች። ማንበብ እየተማረች ነው አልኳት።

ባግሩቴን ይዤ ወጣሁ። ስወጣ የፋይሌን ቅጂ ጠይቄ ነበር። እንልክልሻለን አሉ። እስካሁን አልላኩም፤ እኔም በየወሩ እደውላለሁ።